አሜሪካውያን ስለ መኪናቸው የነገሩኝ

ቶሮንቶ በገባን በሰባተኛው ወር ያገኘሁት ሥራ አሜሪካ እየደወልኩ ሰዎችን ስለ መኪናቸው መጠየቅ ነበር። አዲስ አበባ ስታቲስቲክስ ተምሬ አራት ዓመት ቢሮ ሠርቻለሁ። ከባለቤቴ ጋር ካናዳ የገባነውም በባለሙያነት ተመዝነን፣ ነጥቡ ሞልቶልን ነው። እዚህ ግን ወረቀቴን ያየ ሁሉ «የካናዳ የሥራ ልምድ አለሽ?» ይለኛል። ያን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ይህ የጥናት ድርጅት ብቻ ነበር። አንድ ገጽ ሰጥተው ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አደረጉና «ሰኞ ጀምሪ» አሉኝ።

ድርጅቱ ዳውንታውን አንድ አሮጌ ሕንጻ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በቀጭን ሰሌዳ የተከፋፈሉ ጠረጴዛዎች፣ የጆሮ ማዳመጫዎች፣ በየማዕዘኑ ደግሞ የሰው ድምፅ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው አዲስ መኪና በገዛ በጥቂት ወሩ ስልክ ቁጥሩ እኛ ኮምፒውተር ላይ ይመጣል። እኛ እንደውልና «መኪናዎን ሲመርጡ ከሁሉ በላይ የፈለጉት ምን ነበር?» ብለን እንጀምራለን። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከአንድ እስከ አሥር ነጥብ መስጠት ነው። የኛ ሥራ መልሱን ወደ ቁጥር መለወጥ ነው። መኪና ሠሪዎቹ በኋላ ያንን ቁጥር አይተው ቀጣዩ መኪና ምን እንደሚመስል ይወስናሉ ተብለናል። እኔም አምኜ ነበር። እንዲያውም ለእናቴ ስደውል «እዚህ መኪና የሚሠሩትን ነው የማማክረው» ብያት አውቃለሁ።

አሜሪካኖቹ አነጋገሬን ሲሰሙ «ከየት ነው የምትደውይው?» ይሉኛል።

«ከቶሮንቶ።»

«አይ፣ ከዚያ በፊትስ?»

ከነገርኳቸው በኋላ አንዳንዱ ይዘጋብኛል፤ አንዳንዱ ግን ይለቀቅና ያወራል። ሰው የሚፈልገው ነገር ኮምፒውተሩ ላይ ተዘርዝሯል፦ የነዳጅ ቁጠባ፣ ጉልበት፣ ውበት፣ የፖርቶባጋሊዮ ስፋት፣ የሙዚቃው ጥራት፣ የኩባያ ማስቀመጫ። ለኩባያ ማስቀመጫ ብቻ አምስት ጥያቄ ነበረን። ሰዎቹ ሲያወሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ገበሬ የሞተው አባቱ ይነዳው የነበረውን ዓይነት ፒክአፕ ፈልጎ እንደገዛ ነገረኝ። ጉልበቷ አልታጠፍ ያላት አንዲት ባልቴት፣ ሳትንጠላጠል ሳታጎነብስ የምትገባበት መኪና ፍለጋ አራት ሻጭ ጋ ዞራ ነበር። አራቱም ስለ ቀለም ነበር ያወሯት። አንዱ ደግሞ «መስኮቱን በእጄ አዙሬ የምከፍተውን ስጡኝ፣ ሌላ አልፈልግም» ብሎ ሳቀ። ለዚህ ሁሉ ኮድ፣ ማለትም የተመደበ መለያ ቁጥር፣ የለም። ኮድ የሌለው መልስ ሁሉ «ሌላ» በሚባለው፣ በዘጠና ሰባት ቁጥር ይገባል።

የነዳጅ ዋጋ ሰማይ በወጣበት ሰመር የሰዎቹ ድምፅ ተለወጠ። ግዙፍ መኪና በገዙ በጥቂት ወራቸው ቤንዚን መሙላት ያቃታቸው ሰዎች፣ እኔ ሳልጠይቃቸው ይቅርታ የሚጠይቁኝ ይመስሉ ነበር። «ያኔ እኮ ሁሉም ይገዛ ነበር» ይሉኛል። በዚያ ሰሞን ነው፣ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ አንዲት ሴትዮ በስልክ ያገኘሁት።

የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበረች። የገዛችው መካከለኛ የቤት መኪና ነው። ስለ ቀለሙ፣ ስለ በሩ፣ ከመሪው ፊት ስላለው ክሩስኮት መብራት በትዕግሥት መለሰችልኝ። ከዚያ «ለወንበሩ ምቾት ከአንድ እስከ አሥር ስንት ይሰጣሉ?» አልኳት።

«ሲቆም ነው ሲንቀሳቀስ?» አለችኝ።

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ቤቴ ዳገት ላይ ነው» አለች። «ስወጣ የሾፌሩ ወንበር ቀጭ ይልና ከነእኔ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እግሬ ፍሬኑ ላይ አይደርስም። ሦስት ጊዜ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት መሪው ላይ ተንጠልጥዬ ነው የተረፍኩት።»

የተጻፈልኝን ትቼ «ለሻጩ ነግረውታል?» አልኳት።

«ነግሬዋለሁ። አየውና ምንም የለውም አለኝ። ወንበሩን በደንብ ሳልቆልፈው ቀርቼ ይሆናል አለኝ። ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ እኮ! ታዲያ አሁን ስንት ልበልሽ?»

ቁጥር ካልገባ ኮምፒውተሩ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አያልፍም። ይህንኑ ነገርኳት።

«ለምቾቱ ብቻ ከሆነ ሰባት» አለች።

ሰባትን ተጫንኩ። ከሰባት በላይ ያለው ሁሉ «ረክቷል» ተብሎ ነው የሚቆጠረው፤ ሰባትም ራሱ። የነገረችኝን ቃል በቃል «ሌላ» ውስጥ ጻፍኩት። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የኩባያ ማስቀመጫው ነበር። እሱንም ጠየቅኋት።

የምንኖረው ፓርክዴል ነበር፣ አንድ መኝታ ቤት ባላት አፓርታማ። ባለቤቴ አገር ቤት ቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ፋብሪካ፣ በሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ በኩል፣ የመኪና ወንበር የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ይገጣጥማል። ሥራውን ያገኙለት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ኢስት ዮርክ የሚኖሩ ሰው ናቸው። በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ እዚያው ፋብሪካ ሃያ ዓመት የሆናቸው፣ ለኛ እንደ አባት ነበሩ። ኤርፖርት የተቀበሉን እሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያ የክረምት ጫማችንን የገዙልንም እሳቸው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የሴትዮዋን ነገር ለባለቤቴ አወራሁት። እንደ ቀልድ ነው የጀመርኩት፤ «ሲቆም ነው ሲንቀሳቀስ» ያለችኝን።

«መኪናው የማን ሥሪት ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ኮቱን እያወለቀ ነበር፤ አንዱ እጁ እንደገባ ቀረ።

«ዓመተ ምርቱስ?»

እሱንም ነገርኩት። ኮቱን መልሶ ለብሶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«እኛ ነን የምንሠራው» አለ።

ከዚያ በእጆቹ አሳየኝ። ሐዲዱ ላይ ጥርስ አለ፤ ጥርሱን ወደ ላይ ገፍቶ ቦታው ላይ የሚያስይዘው ትንሽ ሞላ ነው። ከወራት በፊት ሞላው ተለውጦ ቀጠን ያለ መጥቷል። ጥርሱ አንዳንዴ እስከ መጨረሻው አይነክስም። መፈተሻው ላይ ሲያስቀምጡት ቀይ ያበራል።

«ቀይ ካበራ ታዲያ?»

«ድጋሚ ይጫኑታል። ሁለተኛው ላይ አረንጓዴ ካበራ ያልፋል። ትእዛዙ እንደዚያ ነው።» አቀረቀረ። «እኔም አሳልፌያለሁ።»

ስንት ጊዜ ብዬ አልጠየቅሁትም። ቆይቶ እሱ ራሱ «አንቺ ይህን ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። «አንቺም ምስጢር ላለማውጣት ፈርመሻል። እኔ የኤጀንሲ ሰው ነኝ፤ ነገ አትምጣ ቢሉኝ ምክንያት እንኳ አይነግሩኝም። ጋሼንም እናስቀይማለን።»

«ሴትዮዋስ?»

«አንድ ሰው ናት። ምናልባት እውነትም ሳትቆልፈው ቀርታ ይሆናል።»

ይህን ያለው እኔን ለማሳመን እንዳልነበረ ፊቱ ይናገር ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሱፐርቫይዘሬ ስታቲስቲክስ መማሬን ከማመልከቻዬ ላይ አይታ ወደ ኮድ ክፍል አዛወረችኝ። ከጃማይካ በልጅነቷ የመጣች፣ ኤግሊንተን ዌስት የምትኖር፣ ጡረታዋ የቀረበ ሴት ናት። ሳትቆጣ የምታሠራ ነበረች። አዲሱ ሥራዬ «ሌላ» ውስጥ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤ የሚመሳሰለውን መደርደር ነው። ዕድገት ነው ተባልኩ፤ ደስ ብሎኝም ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን «ዳገት ላይ ወንበሩ ከዳኝ» የሚል አገኘሁ። የኔዋ ሴትዮ አይደለችም፤ ሌላ ግዛት ያለ ወንድ ነው። ወደ ኋላ ሄጄ ፈለግሁ። «ፍሬን ስይዝ ወንበሩ ይነቃነቃል።» «ወንበሩ በራሱ ቦታ ይቀይራል፣ ባለቤቴ አላመነኝም።» አንድ ሌላም ተገኘ፤ የኔዋን ጨምሮ አምስት ሆኑ። አንደኛው እንደኔዋ ሰባት ሰጥቷል።

አትሜ ሱፐርቫይዘሯ ጋ ወሰድኩት። መነጽሯን አድርጋ ሁሉንም አነበበች።

«አዲስ ኮድ ይከፈትልኝ» አልኳት። «ይህ ምቾት አይደለም፤ አደጋ ነው።»

«ኮድ የሚያስከፍተው ደንበኛው፣ መኪና ሠሪው ነው የኔ ልጅ» አለችኝ። ቢሆንም ጻፈችላቸው። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ፤ ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ «ሌላ» ውስጥ ይቆይ የሚል ነበር።

እኔ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ከብዙ ሺህ መልስ ውስጥ አምስት ምንም ማለት አይደለም፤ ተማሪ ብሆን እንደዚያ ነበር የምመልሰው። ለኩባያ ማስቀመጫ ትክክል ነው፤ አምስት ሰው ኩባያው ስለጠበበበት ፋብሪካ አይቆምም። እግሯ ፍሬን ላይ ላልደረሰ ሴት ግን ያው ሒሳብ አይሠራም። በዚያው ወር የተጠናቀቀው ሪፖርት በእጄ አልፎ ነበር። የአሜሪካ ገዢ ነዳጅ የሚቆጥብ፣ ክሩስኮቱ ደመቅ ያለ መኪና ይፈልጋል፤ በወንበሩም ረክቷል ይላል። ውሸት አልነበረበትም። እያንዳንዱን ቁጥር እኛው ነን የሰጠነው።

ሪፖርቱን ለባለቤቴ በቃሌ ነገርኩት። ሐሙስ ዕለት፣ እኔ ሳልጠይቀው፣ ከመገጣጠሚያው መስመር ላይ ቀይ ያበራውን አንድ ሐዲድ አንሥቶ ወደ ጥራት ኃላፊው ቢሮ ሄደ። ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጦ በአውራ ጣቱ ገፋው፤ ተንሸራተተ። ኃላፊው አመሰገኑት። እጁን ጨብጠውታል። ሰኞ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ሳለ ከኤጀንሲው ተደወለ፤ ለጊዜው እንደማያስፈልግ ነገሩት።

ጋሼ በማግስቱ ደወሉ። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

«ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። «ስሜን ጠርቼ፣ ዋስ ሆኜ ነው ያስገባሁት። አለቃ ጋ ዘሎ ይገባል? ሃያ ዓመት አንገቴን ደፍቼ የሠራሁበት ቤት ነው!»

«ጋሼ፣ ሰው ሊሞት ይችላል እኮ።»

«አንቺ መሐንዲስ ነሽ?» ብለው ዘጉት። ጋሼ በኔ ላይ ስልክ ሲዘጉ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያ በኋላ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፉን ጀመር።

ባለቤቴ ቤት ዋለ። ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ሲመለስ ጫማውን እንዳደረገ አልጋ ላይ ይቀመጣል። እኔን አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቢሮ ገብቼ ፋይሉን በከፈትኩ ቁጥር የዚያችን ሴትዮ መልስ አገኘዋለሁ። አንድ ረቡዕ ቁጥሯን በከተማው የመንገድ ባቡር፣ በስትሪትካር ቲኬት ጀርባ ላይ ጻፍኩትና ይዤው ወጣሁ። ይህ በግልጽ የተከለከለ ነው። በማግስቱ ሥራ የምገባው ከሰዓት ስለነበር፣ ጠዋት ባለቤቴ ሲወጣ ጠብቄ፣ በስልክ ካርድ ደወልኩላት። የካርዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ድምፄን ወዲያው አወቀችው። «የመኪናዋ ልጅ!» አለች። ደስ ያላት ይመስል ነበር።

«የምደውለው ከሥራ አይደለም» አልኳት። «ወንበሩን እርስዎ አላጠፉትም። ሌሎችም እንደዚያው ብለዋል። እባክዎ መኪናውን እንዳይነዱት።»

«እኔ አልነዳውም» አለች። «ለልጄ ሰጠኋት። ኮሌጅ ገባችና ይዛው ሄደች። መንገዱ ተራራ ነው።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «አንቺ ማን ነሽ? ይህን ከየት አወቅሽ?»

ምን ልበላት? ባለቤቴ ነው የሠራው ልበላት? «ደውለው ይንገሯት፤ አሁኑኑ ይደውሉላት» ብቻ አልኳትና ዘጋሁት።

ሴትዮዋ የማታውቀው ሰው ልጇን አስመልክቶ ያስፈራራት እናት ናት። ያደረገችው ማንኛችንም የምናደርገውን ነው፤ የጥናት ድርጅቱን ቁጥር ፈልጋ ደውላ፣ የተባለው እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ልትከሰኝ አልነበረም። አርብ ከሰዓት ሱፐርቫይዘሬ ትንሿን ክፍል ከፍታ አስገባችኝ።

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

ብክድ ደስ ይላት ነበር መሰለኝ፤ ዓይኗን ጨፈነች። ዕቃዬን ሰበሰብኩ፤ ከሻርፕና ከምሳ ዕቃ ሌላ ምንም አልነበረኝም። እስከ ሊፍቱ ድረስ ሸኘችኝ።

«እኔ ብሆን አልደውልም ነበር» አለችኝ በሩ ሲከፈት። «ዛሬ ወደ ቤት ስሄድ አውቶቡስ ላይ ቁጭ ብዬ የማስበውም ይህንኑ ነው።»

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። «ልጇ ጋ ደወለች?» ብቻ አለኝ። አላውቅም አልኩት። ሁለታችንም ሥራ አልነበረንም፤ ያን ምሽት ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን እራት በላን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። በዚያው መከር የአሜሪካ ባንኮች ተናጉ፤ አሜሪካኖች መኪና መግዛት አቆሙ። ሲደወልላቸው ስንትና ስንት ነጥብ የሰጡት ሰዎች አሁን ምንም ዓይነት መኪና አልፈለጉም። የባለቤቴ ፋብሪካ አንዱን ፈረቃ ዘጋ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ጨርሶ ተዘጋ። ባለቤቴ መጋዘን ውስጥ ዕቃ መጫን ጀምሮ ነበር፤ እኔ ደግሞ የጥርስ ክሊኒክ ስልክ አነሣለሁ። በጸደይ አንድ ቀን ስትሪትካር ላይ ሰው ጥሎት የሄደ ጋዜጣ ውስጥ፣ ከብዙ የኪሳራ ወሬ በታች፣ አጭር ዜና አየሁ። ያ መኪና በፊት ወንበሩ ሐዲድ ምክንያት ለጥገና እንዲመለስ ተጠርቷል። ሁለት መስመር ነበር። በኛ ምክንያት ይሁን፣ በሌላ ሰው ጩኸት ይሁን፣ ወይስ አንዱ ቦታ አንድ ሰው ሞቶ፣ አይልም። ሦስተኛው ሐሳብ ነው የማይለቀኝ። መኪና ሠሪዎቹ አዳመጡ ልበል? መቼና ማንን እንደሆነ ሳላውቅ?

ከዚያ ዜና ሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጋሼ ሳይደውሉ በራችንን አንኳኩ። ከሲታ ሆነዋል። ፋብሪካው ሲዘጋ እሳቸውም ወጥተዋል፤ ለጡረታቸው ጥቂት ነበር የቀራቸው። ኮታቸውን እንዲያወልቁ ብለምናቸው እንቢ አሉ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ሰላም አላቸው፤ ራቅ ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ዜናውን አየሁት» አሉ።

«እኛም አይተናል ጋሼ» አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጠርዙን ይዳብሱት ጀመር። «ያ መፈተሻ» አሉ ወደ ባለቤቴ ሳያዩ፣ «አንተ ከመምጣትህ በፊት የኔ ቦታ ነበር። ሞላው የተለወጠ ቀን እኔ ነበርኩ የቆምኩበት። የመጀመሪያው ቀይ የበራው በኔ እጅ ነው። ለፎርማኑ ነገርኩት፤ ድጋሚ ጫነው አለኝ። ጫንኩት። ከዚያ እግሬን ያመኛል ብዬ ቦታ አስቀየርኩ።» ባለቤቴን አሁን አዩት። «አንተን እዚያ ያስቆምኩህ እኔ ነኝ።»

ባለቤቴ አልተነቃነቀም። እኔ ስለ ሴትዮዋ ነገርኳቸው፤ ለልጇ መስጠቷን፣ ተራራውን፣ እስከ ዛሬ ምን እንደሆነች እንደማላውቅ።

«አንቺ የአንዷን መጨረሻ ነው የማታውቂው» አሉኝ። «እኔ የስንቱን?»

ተነሡ። ምሳ ይብሉ ብላቸው እጃቸውን አወዛወዙ። በሩ ላይ ሲደርሱ ባለቤቴ ጫማውን አደረገና ሳይናገር ተከትሏቸው ወጣ። በመስኮት አየኋቸው፤ ወደ ስትሪትካሩ ማቆሚያ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዱ ስትሪትካር መጥቶ ሄደ፤ አልተሳፈሩም። ሌላም መጣ። ባለቤቴ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ተመለሰ። ፊቱን ታጠበ፣ ምሳውን አሞቅሁለት፣ በላ። ምን እንዳወሩ አልጠየቅሁትም፤ እሱም እስከ ዛሬ አልነገረኝም።